ውዱ የጻፈችው፣ መጽሐፉ የዘለለው

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ባጃጅ በሮቢት ጤና ጣቢያ ግቢ እየበረረ ገብቶ የድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ቆመ። ከኋላው ወንበር ወይንሸት ራሷን ስታ ባሏ ደረት ላይ ተደግፋለች። ተረኛዋ ነርስ ሲስተር አስረሳሽ ገና ስትጠጋ ነው ነገሩ የገባት። የወይንሸት ትንፋሽ ከልክ በላይ እንደበሰለ ፍሬ ይሸታል። የስኳር ሕመምተኛ መሆኗን ታውቃለች፤ በየወሩ ኢንሱሊኗን የምትሰጣት እሷው ናት። ጣቷን ወግታ ደሟን ስትለካ ስኳሯ እጅግ ከፍ ብሎ መሣሪያው ቁጥር መስጠት አቃተው።

“መርፌዋን መቼ ነው ያቆመችው?” አለችው ባልየውን።

አንገቱን ደፍቶ አሥራ አንድ ቀን እንደሆናት ነገራት። ለምን እንዳቆመች ስትጠይቀው ከሚስቱ ነጠላ እጥፋት ውስጥ አንድ መጽሐፍ አወጣና አቀበላት።

“ያንቺው እናት ናቸው ያሉት” አላት። “እኛ በሳቸው ቃል ነው የተመራነው።”

ሽፋኑ ላይ የእናቷ የውዱ ፎቶ ነበር። አስረሳሽ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችውና ወደ ሥራዋ ዞረች። የደም ሥር ፈልጋ ውሃ ሰጠቻት፣ ኢንሱሊን ወጋቻት፣ አምቡላንስ አስጠራች። ወይንሸት ወደ ወልድያ ሆስፒታል ተጫነች። አምቡላንሱ አስፋልቱ ላይ ከወጣ በኋላ ነው መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ መጽሐፉን የገለጠችው።

“የእማማ ውዱ ሕይወትና ጽሑፎች” ይላል። ያዘጋጀው ቆቦ ያለችው አጥቢያ ቤተክርስቲያን መጋቢ፣ ፓስተር እንዳለው ነው። ወይንሸት አንዱን ገጽ ጫፉን አጥፋ ምልክት አድርጋበታለች። እንዲህ ይነበባል፦ “ጌታ ሊፈውስ ከወደደ መርፌ አያስፈልገውም፤ ካልወደደ መርፌ አያድንም። ልባችሁን ለሁለት አትክፈሉ።”

ቃሉ የእናቷ ነው፤ የፈጠራ አይደለም። እናቷ ከጻፈቻቸው አራት ደብተሮች በስንተኛው ላይ እንዳለ እንኳ ታውቃለች፤ በመጀመሪያው፣ በ1976 ዓ.ም. በተጻፈው። ያስደነገጣት ሌላ ነገር ነው። ወደ ፊት ገለጠች፣ ወደ ኋላ ተመለሰች። መጽሐፉ እስከ 1979 ይመጣና ወደ 1981 ይዘላል። ሰማንያ የሚባል ዓመት የለም። የታናሽ ወንድሟ የበረከት ስም ከዳር እስከ ዳር የለም።

ውዱ የተወለደችው ከዞብል ተራራ ሥር ነው። ቆቦ ላይ ባል አግብታ በገባች በጥቂት ዓመት ውስጥ ወንጌል ሰባኪዎች መጡ፤ አመነች። ፊደል የቆጠረችው በደርግ ዘመን በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። አብረዋት የተማሩት ሴቶች ስማቸውን መጻፍ ሲችሉ ተዉት፤ እሷ ደብተር ገዛች። ለበሽተኛ መጸለይ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው። ከእሷ በፊት በዚያ ቆላ እጁን በሰው ላይ ጭኖ የሚጸልይ ምእመን አልነበረም። ከዋጃም ከጎብዬም በሽተኛ በቃሬዛ ይመጣላት ጀመር። ሰው ሰብስበሻል ተብላ አራት ወር ታሰረች፤ ወጥታም ቀጠለች። የጸለየችለትን ሰው ሁሉ ትጽፋለች፦ ስሙን፣ አገሩን፣ ሕመሙን፣ መጨረሻውን። የተነሣውን “ተነሣ” ብላ፣ የሞተውን “ሞተ” ብላ።

በ1980 መስከረም፣ ዝናቡ ቆሞ ወባ ሲነሣ፣ የስድስት ዓመት ልጇ በረከት ትኩሳት ያዘው። አስረሳሽ ያኔ አሥር ዓመቷ ነው። ጤና ጣቢያው ከቤታቸው የሃያ ደቂቃ መንገድ ነበር። ወንድሟ መወራጨት ሲጀምር ልውሰደው ብላ እናቷን እግሯ ሥር ወድቃ ለመነቻት። ውዱ ከጸሎቷ ቀና ሳትል ውሃ ቀድታ እንድትመጣ አዘዘቻት። አስረሳሽ ጀሪካኗን ይዛ ወጣች። ስትመለስ ግቢው በሰው ተሞልቶ ነበር።

ሦስተኛው ደብተር የሚጀምረው ከዚያ ነው። ውዱ በዚያ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንዲህ ጽፋለች፦ “በረከት ሞተ። ጌታ አልገደለውም፤ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ልጄን ለስሜ ሠዋሁት። ከዛሬ ጀምሮ ሐኪም ሳያየው የመጣውን በሽተኛ አንሥቼ ራሴ ወስጄ አሳያለሁ፤ መንገድ ላይ እጸልያለሁ።” ያንንም አደረገች። እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ፣ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ፣ በሽተኛ ይዛ ጤና ጣቢያ ደጅ ተሰልፋለች። አስረሳሽ ነርስ የሆነችውም እሷ አስተምራት ነው።

ታዲያ ከሁለት ዓመት በፊት እንዳለው ደብተሮቹን ሲጠይቃት ሳታመነታ አራቱንም የሰጠችው፣ ሦስተኛው ደብተር የሰው ዓይን እንዲያገኝ ብላ ነበር። እሱም አንብቦ በክብር መልሶላታል። አንብቦታል ማለት ነው። አንብቦ ከመጽሐፉ ጣለው።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቃ ቆቦ ወረደች። ወደ እንዳለው ከመሄዷ በፊት ግን መይሙና መንገድ ላይ ጠበቀቻት። መይሙና የውዱ የአርባ ዓመት ጎረቤት ናት፤ አንድ የግቢ አጥር ነበር የሚለያቸው። በጦርነቱ ጊዜ አስረሳሽ ልጆቿን ይዛ ስትሸሽ እነዚያን ደብተሮች በላስቲክ ጠቅልላ ከማሽላ ጉድጓዷ ውስጥ የቀበረቻቸው እሷ ናት። ዛሬ ፊቷ ጠቁሯል። ልጇ ዒምራን መጽሐፉን አንብቦላት ነበር።

“ገጽ ስልሳ ሁለት” አለች፣ ሰላምታም ሳታስቀድም። “አንቺ አይተሽዋል?”

አስረሳሽ አላየችውም። መይሙና ቤት ገብተው ዒምራን አነበበላቸው። በ1984 ስለተፈወሰ አንድ ሕፃን ነው የሚያወራው። እናቲቱ ሙስሊም እንደሆነች፣ ልጇ በጸሎት ሲነሣ እዚያው ሃይማኖቷን እንደለወጠች ይላል። ስሟን ባይጽፈውም የውዱ አጥር ጎረቤት መሆኗን ጽፏል። ሕፃኑ ዒምራን ነው። ዛሬ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ገበያው ዳር የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለው። ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ ሲወጣ ሰዎች አቁመው የእናትህ ነገር እውነት ነወይ ብለው ጠይቀውታል።

“ወላሂ፣ ከውዱ አፍ እንዲህ ያለ ነገር አልወጣም፣ አልጻፈችምም” አለች መይሙና። “ልጁ ሲቃጠል እኔና እሷ ተሸክመን ሮጥን። እሷ በጌታዋ ስም ትለምናለች፣ እኔ ዱዓ አደርጋለሁ፤ ጤና ጣቢያው ስንደርስ መርፌ ወጉት። አልሃምዱሊላህ ዳነልኝ። እሷ አንድም ቀን ሃይማኖትሽን ተዪ ብላኝ አታውቅም። ወረቀቷን ጉድጓዴ ውስጥ የደበቅሁት ነገ እኔን ሊያዋርዱበት ነው?”

አስረሳሽ አፍራ ጉልበቷን ልትስም ጎንበስ ስትል መይሙና ከለከለቻት። ይቅርታ የምትጠይቂው አንቺ አይደለሽም አለቻት።

እንዳለውን ቢሮው አገኘችው። ልጅ ሆነው አብረው ያደጉ ናቸው። ብድግ ብሎ እህቴ እያለ ሊያቅፋት ሲል እጇን ዘርግታ አቆመችው። ስለ ወይንሸት ነገረችው፤ ስለ መይሙና ነገረችው። የወይንሸትን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ፤ ቁጭ አለና ትተርፍ እንደሆነ ጠየቀ። ገና እንደማይታወቅ ነገረችው። ስለ መይሙናው ታሪክ ግን ከሽማግሌዎች አንዱ በቃል የነገረው እንደሆነ፣ ራሱ እንዳላጣራ አመነ።

“ሦስተኛው ደብተር መጽሐፉ ውስጥ የታለ?” አለችው።

 በዚያው በሰማንያ መስከረም እንዳለውም የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ ወባ ይዞት፣ ውዱ ለእሱም ለበረከትም ከአንዱ አልጋ ወደ አንዱ እየተመላለሰች ጸልያ ነበር። እሱ ተነሣ። ደብተሩ ላይ ይህም አለ፦ “እንዳለው ተነሣ። እሱ ተነሥቶ በረከት ለምን እንዳልተነሣ አላውቅም፤ አውቃለሁም አልልም።”

“ያን ገጽ ሳነብ ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም” አላት። “እንዴት አድርጌ ልጻፈው? ሰው እኮ በእሳቸው ነው የቆመው። ደግሞ አንቺ የማታስቢው አንድ ነገር አለ። እማማ ውዱ ከዚያ በኋላ ሃያ አምስት ዓመት ኖረዋል። መድረክ ላይ ቆመው አንድ ቀን ተናግረውታል? አልተናገሩም። ደብተር ውስጥ ጽፈው ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ነው ያለፉት። እኔ የደበቅሁት እሳቸው የደበቁትን ነው።”

ይህ ቃል አስረሳሽን ወጋት፤ ምክንያቱም እውነት ነበር። እናቷ በሽተኛ ስታመላልስ ሰው ለምን እንደሆነ ሲጠይቃት “ጌታ በሐኪምም ይሠራል” ብላ ታልፈዋለች። በበረከት ሞት ጥፋተኛዋ እሷ መሆኗን ግን ለማንም አልተነፈሰችም፤ ለአስረሳሽም ጭምር። አስረሳሽ ደብተሩን ያነበበችው ከእናቷ ቀብር በኋላ ነው።

“እንግዲያው እኔ እናገረዋለሁ” ብላ ተነሣች። መጽሐፉ ከወዲሁ መሠራጨት ቢጀምርም ምረቃው እሑድ ነው፤ የልጅ ምስክርነት የሚል መርሐ ግብር ተይዞላታል።

ያን ሳምንት እንቅልፍም ምግብም አልሆነላትም። የተናደደችው በእንዳለው ብቻ ቢሆን ይቀላት ነበር። ልብስ ስታጥብ፣ መርፌ ስትወጋ፣ ታክሲ ስትጠብቅ ከእናቷ ጋር ትሟገታለች። ለእግዚአብሔር ለመናገር ድፍረት ካገኘሽ ለሰው መናገር ምን ገደደሽ ትላታለች። ዓርብ ዕለት ከወልድያ የወይንሸት ነፍስ መትረፏን ሰማች። እፎይ ልትል ስትጀምር ንዴቷ ጭራሽ ባሰባት፤ መትረፏ የማንም ጥበብ አልነበረም፣ ባጃጁ ፈጥኖ ስለደረሰ ነው።

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። መይሙና ጥቁር ሻሿን አሥራ፣ ዒምራንን አስከትላ መጥታ ከኋላ ተቀምጣለች። ሽማግሌዎቹ አይተው ተንሾካሾኩ፤ ማንም ግን ውጪ አላላትም። መዘምራኑ ዘምረው፣ መጽሐፉ ተመርቆ፣ ፓስተሩ የአስረሳሽን ስም ጠራ። ድምፁ ደከም ያለ ነው።

አስረሳሽ ሦስተኛውን ደብተር ይዛ ወጣች። ሰላምታ አላቀረበችም። አንዲት ሴት ይህን መጽሐፍ አንብባ መርፌዋን አቁማ ሞት አፋፍ ላይ እንደደረሰች ተናገረችና፣ እናቷ በመጨረሻ ያመነችው ይህን አይደለም ብላ ማንበብ ጀመረች። “በረከት ሞተ” ስትል አንዳንዶች ቀና ብለው ተያዩ። “ልጄን ለስሜ ሠዋሁት” ስትል ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌ ተነሥተው ለኦርጋን ተጫዋቹ ምልክት ሰጡት። መዝሙር ተጀመረ። ድምፅ ማጉያው ጠፋ። አስረሳሽ ድምፅ ማጉያውን አስቀምጣ በራሷ ጉሮሮ ቀጠለች። የወረዳው ግማሽ ሰው ሲወለድ አይዞሽ በርቺ እያለች የጮኸችበት ጉሮሮ ነው፤ ኦርጋን አያሸንፈውም። ጥቂት ሰዎች እየተነሡ ወጡ። አንዳንዶች ሰይጣን ነው አሉ። እንዳለው ራሱ መድረኩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሄዶ የኦርጋኑን ገመድ ነቀለው። ለምን እንዳደረገው ለራሱም የገባው አይመስልም።

መይሙና ከኋላ ቆመች። “ገጽ ስልሳ ሁለት ላይ ያለችው እኔ ነኝ” አለች። “የተወለድኩበት ሃይማኖት ላይ ነኝ፣ ኢንሻአላህ እዚያው ላይ እሞታለሁ። ውዱ እህቴ ነበረች። በሞተ ሰው ስም አትዋሹ።” ይህን ብላ ተቀመጠች።

ከዚያ ነው ማንም ያልጠበቀው የመጣው። ከኋላ ረድፍ አንድ አዛውንት በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ። ጋሽ ኤፍሬም ይባላሉ፤ ከጎብዬ ናቸው፤ ከውዱ የመጀመሪያ ምእመናን አንዱ።

“የኔ ልጅ ስም አለበት?” አሉ። “ፍሬሰላም። በሰባ ስምንት።”

አስረሳሽ ሰባ ስምንት ያለው በሁለተኛው ደብተር እንደሆነ ታውቃለች፤ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ገጹንም ታውቀዋለች። ልታነበው አላሰበችም ነበር። ለብቻ እንድትነግራቸው ለመነቻቸው። አሻፈረኝ አሉ። እዚሁ ይነበብ፣ ያኔም በዚሁ ሕዝብ ፊት ነበር አሉ። አውጥታ አነበበች።

“ፍሬሰላም ኤፍሬም፣ ጎብዬ፣ የአራት ዓመት፣ ትኩሳት። ሞተች። አባቷን በጉባኤ ፊት እምነትህ ጎደለ አልኩት።” ከሥሩ በሌላ ቀለም ተጨምሯል፦ “በሰማንያ የጨመርኩት። የጎደለው እምነት አልነበረም፤ ክኒን ነበር። ጤና ጣቢያ ልውሰዳት ሲል የከለከልኩት እኔ ነኝ። ጌታ ሆይ፣ እንዴት ብዬ እነግረዋለሁ?”

ጋሽ ኤፍሬም አላለቀሱም። ለሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ያህል የልጃቸው ሞት በእሳቸው ጥርጣሬ የመጣ መስሏቸው፣ ሽማግሌ ሁን ሲባሉ እምቢ እያሉ፣ ጸልይ ሲባሉ እምቢ እያሉ፣ ኋላ ወንበር ላይ የኖሩ ሰው ናቸው። ከዘራቸውን አነሡና መሬቱን አንድ ጊዜ መቱት። “ታውቅ ነበር” አሉ። “በየዓመቱ ቤቴ እየመጣች፣ ታውቅ ነበር።” ወጥተው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ቶሎ ይነገራል። እንዳለው ሽማግሌዎችን ይዞ መይሙና ቤት ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ዒምራን እንዲያነበው ወረቀት ላይ ጽፎ ፈርሞ ሰጠ። መይሙና ተቀበለችው፤ ሻይ ግን አላፈላችለትም። ያልተሠራጨው መጽሐፍ ተሰበሰበ፤ የተሠራጨው ተሠራጭቷል። ሦስተኛው ደብተር ሙሉው ይታተም አይታተም በሚለው ጉባኤው ለሁለት ተከፍሎ እስከ ዛሬ ይከራከራል። ወይንሸት ለክትትል ስትመጣ አስረሳሽን ቀና ብላ አላየቻትም። መርፌውን ተቀብላ፣ በየጠዋቱ እድናለሁ ብዬ እነሣ ነበር፣ አንቺ ያን ተስፋም ወሰድሽብኝ አለቻት። አስረሳሽ የወሩን ኢንሱሊን ቆጥራ፣ በቀዝቃዛ ቦታ እንድታስቀምጠው ነግራት ሸኘቻት።

በሁለተኛው ሳምንት ጋሽ ኤፍሬም ላኩባት። ሚስታቸው አስካለ አዳራሹ ውስጥ አልነበረችም፤ ወገቧን ታማ ቤት ነው የምትውለው። ከኔ አፍ አልሰማም አለች፣ መጥተሽ አንብቢላት ነው መልእክቱ።

አስረሳሽ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጎብዬ ሄደች። አስካለ ግቢው ውስጥ ካለችው ዛፍ ጥላ ሥር አጎዛ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት። ጋሽ ኤፍሬም ፊታቸውን ወደ በረቱ አዙረው ቆመዋል። አስረሳሽ አነበበች። አስካለ ድገሚልኝ አለቻት፤ ደገመችላት። የጨመረችውን ብቻ አለቻት፤ እሱንም ደገመችላት።

“እኔ ልወስዳት አዝያት ነበር” አለች አስካለ። ድምፏ ከፍ አላለም። “በሩ ላይ እሱ ከጀርባዬ አወረዳት። ውዱ አይሆንም ብላለች ብሎ አወረዳት። ከዚያ ወዲህ በአንድ ቤት ስንኖር ስለ ልጂቱ አንድ ቀን አውርተን አናውቅም፤ እሱ በልቡ በራሱ ኃጢአት እንደሞተች ያስባል፣ እኔ በልቤ በእሱ ክፋት ነው እላለሁ። እናትሽ እዚህ አጎዛ ላይ ተቀምጣ ስንቴ በላች መሰለሽ? አንድ ቃል ብትተነፍስ እኔና ይህ ሽማግሌ እንደ ሰው እንኖር ነበር።”

“እኔም ይህንኑ ነው የምላት፣ እትዬ” አለች አስረሳሽ። “ይቅርታ ልጠይቅላት አልመጣሁም። አልችልም።”

“ደግ አደረግሽ። አልምራትም ነበር።”

ጋሽ ኤፍሬም ከበረቱ በኩል ሳይዞሩ፣ ከጀርባሽ ያወረድኳት እኔ ነኝ፣ በውዱ ማመካኘት አልፈልግም አሉ። አስካለ ጀርባቸውን አየች። ከዚያ ምርኩዟን ያዘችና ለመነሣት ስትታገል አስረሳሽ ደገፈቻት። አስካለም ክንዷን አልነጠቀቻትም።

“ምሳ ሳትበዪ አትሄጂም” አለቻት። “እሱንም ጥሪው፤ እዚያ ቆሞ አይውልም።”